ፈንገስ ይሆን እንዴ?

«ፈንገስ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። በእግር ጣቶች መሃል የሚያሳክክ ነገር፣ የወፈረ ቢጫ ጥፍር፣ ቢበዛ ደረት ላይ የወጣ ቋቁቻ ወይም የልጅ ራስ ላይ ያለ ጭርት። ያስጠላል እንጂ አያስፈራም። ቅባት ይገዛል፣ ይቀባል፣ ይረሳል። ስለዚህ ሐኪም «የሳንባ ፈንገስ ነው» ወይም «ፈንገሱ አንጎል ጋ ደርሷል» ሲል ሰሚው ግራ ይገባዋል። እንዴት ነው ያ የእግር ጣት በሽታ እዚያ የደረሰው?

እኔም ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት አጎቴ ላይ ሲደርስ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ካነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከባድ የፈንገስ ሕመም የእኔ ነው የሚለው ምልክት የለውም ማለት ይቻላል። ሳሉ የቲቢ ይመስላል። ትኩሳቱ የታይፎይድ ይመስላል። ራስ ምታቱ የማይግሬን፣ የፊት ሕመሙ የሳይነስ ይመስላል። ምልክቱን ብቻ ይዞ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። የሚገኘው ሌሎች ነገሮች ሲጠየቁ ነው። ሰውየው ማን ነው? ሕመሙ ስንት ጊዜ ቆየ? ያድነዋል የተባለው መድኃኒት ለምን አላዳነውም?

ነገሩን የሚያወሳስበው ፈንገስ ከእኛ ሩቅ አለመሆኑ ነው። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ረቂቅ ዘሩን አየር ላይ ይበትናል፤ እያንዳንዳችን በቀን በመቶ የሚቆጠረውን እንተነፍሳለን። ካንዲዳ የሚባለው የእርሾ ዓይነት በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ይኖራል። ክሪፕቶኮከስ አፈር ውስጥና የእርግብ ኩስ ውስጥ አለ። ታዲያ ለምን ሁላችንም አንታመምም? አንደኛው ምክንያት የሰውነታችን ሙቀት ነው። አብዛኛው ፈንገስ 37 ዲግሪ አይመቸውም። ሌላው ደግሞ ነጭ የደም ሴሎቻችን ናቸው፤ የገባውን ዘር ሳይበቅል ይውጡታል። በሚሊዮን ከሚገመቱት የፈንገስ ዝርያዎች መካከል ሰውን የሚያሳምሙት ጥቂት መቶ ብቻ የሆኑት ለዚህ ነው።

እንግዲህ አደጋ ላይ ያለው ይህ መከላከያ የላላበት ሰው ነው። ኤችአይቪ ኖሮበት መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ። ኬሞቴራፒ ላይ ያለና ነጭ የደም ሴሉ የወረደ። ኩላሊት ወይም ሌላ አካል ተተክሎለት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ሕመም ስቴሮይድ የሚባለውን፣ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚውጥ። ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣበት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰንብቶ ደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ የገባለት። ቲቢ ሳንባውን ጎድቶት የዳነ። ሲቆጠሩ ብዙ ናቸው። በየቤተሰቡ ቢያንስ አንድ አይጠፋም።

የዓለም ጤና ድርጅት በጣም አሳሳቢ የሆኑ ባክቴሪያዎችን ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የፈንገሶቹን የመጀመሪያ ዝርዝር ያወጣው ግን በ2022 ነው። 19 ፈንገሶች አሉበት። አምስት ዓመት መዘግየቱ ብቻ ጉዳዩ ምን ያህል ወደ ጎን ተትቶ እንደቆየ ይነግራል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ራስ ምታቱ ነው። ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው የለማ!

ክሪፕቶኮከስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ እንደሚያመጣው አይደለም። የባክቴሪያው ሰውን በሰዓታት ውስጥ ይጥላል። ትኩሳቱ ይነድዳል፣ አንገት ይደርቃል፣ ያየ ሁሉ ይደነግጣል። የክሪፕቶኮከሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ቀላል ራስ ምታት ነው። ማስታገሻ ሲወስዱበት ጋብ ይላል። በማግስቱ ይመለሳል። ሳምንት ይሞላዋል፣ ሁለት ሳምንት ይሞላዋል፤ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይለቅም። ትኩሳቱ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። የአንገት መድረቅ ብዙዎቹ ላይ አይታይም። ስለዚህ «አንገቱ ካልደረቀ ማጅራት ገትር አይደለም» የሚለው የተለመደ መጽናኛ እዚህ አይሠራም።

ለምን እንደሚብስ ማወቅ ምልክቶቹን ለማስታወስ ይረዳል። ይህ ፈንገስ ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን አለው። እሱና ከሱ የሚረግፈው ዝልግልግ ነገር የአንጎል ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋሉ። ፈሳሹ ግን መመንጨቱን አያቆምም። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ማስታወኩ፣ ብርሃን መጥላቱ፣ የዓይን ብዥታው፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየቱ ከዚህ በኋላ ይከተላል። የመስማት አቅም የሚቀንስበትም አለ። ቀጥሎ ጠባይ ይለወጣል። ተጫዋች የነበረው ዝም ይላል። ረጋ ያለው በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሰው እያናገሩት ሌላ ቦታ ያለ ይመስላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ሐሳብ ገብቶታል፣ ጭንቀት ነው፣ ድካም ነው ይላል። ለነገሩ ታማሚው ራሱ መለወጡን አያውቀውም። የጠባይ ለውጡን ለሐኪሙ ሊናገር የሚችለው አብሮት የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

የሚያናድደኝ ምርመራው ከባድ አለመሆኑ ነው። ከጥቂት ጠብታ ደም የፈንገሱን ሽፋን የሚያገኝ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ቀጭን ወረቀት አለ፤ ውጤቱ በ10 ደቂቃ ገደማ ይታያል። እንዲያውም ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀድሞ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኤችአይቪ ኖሮባቸው ሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች) ቁጥራቸው ከ100 በታች የወረደ ሰዎች ምንም ሳያማቸው እንዲመረመሩ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ እስከ 200 ላሉትም ሊታሰብ እንደሚችል ይገልጻል። እ.ኤ.አ. የ2020 ግምት እንደሚለው ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ በዓመት ወደ 152,000 ሰዎች በዚህ የማጅራት ገትር ይያዛሉ፤ ወደ 112,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። በ10 ደቂቃ ሊታወቅ ለሚችል በሽታ ይህ በጣም ብዙ ነው።

ከጀርባ ፈሳሽ ስለማስወሰድም አንድ ነገር ልበል። «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ስንቱን አስቀርቷል! መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ነርቭ ግንድ ካለቀ በኋላ፣ ታች ወገብ ላይ ነው። በዚህ በሽታ ደግሞ ፈሳሹን መውሰድ ምርመራ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናም ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ያ የማይለቅ ራስ ምታት እዚያው ሲቀል የሚያዩ ሕመምተኞች አሉ። ግፊቱ ተመልሶ ከጨመረ በማግስቱ ይደገማል። ለመፈወስ የሚደረግ መሆኑን ያልተረዳ ቤተሰብ ግን «ስንት ጊዜ ነው የሚወጉት?» ብሎ ይጣላል።

መከላከያው ያልተዳከመ ሰውስ? እሱም አልፎ አልፎ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ሳነብ ለሐኪሟ ያለኝ አድናቆት ወሰን አጣ። ቴነሲ ውስጥ አንድ ሰው በማጅራት ገትር ተኝቶ አንቲባዮቲኩ አልሠራ አለ። ከአከርካሪ ፈሳሹ የበቀለው አስፐርጊለስ ሆነ። ዶክተር ኤፕሪል ፔቲት ይህ ሻጋታ ደህና መከላከያ ያለው ሰው አንጎል ጋ ምን ሊሠራ ሄደ ብላ ጠየቀች። ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለወገብ ሕመም የስቴሮይድ መርፌ ተወግቶ ነበር። ለጤና ቢሮ አሳወቀች። መድኃኒቱ ሲቀመም በሻጋታ ተበክሎ በብዙ ክሊኒኮች ተከፋፍሎ እንደነበር ተደረሰበት። በ20 ግዛቶች ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ከ60 በላይ ሞቱ። ብዙዎቹን ያሳመመው ኤክሰሮሂለም የሚባል፣ ሰው ላይ እምብዛም የማይታይ የሣርና የአፈር ፈንገስ ነበር። ምልክቱ? ከመርፌው ሳምንታት በኋላ የመጣና ቀስ እያለ የሚከር ራስ ምታት። የተወጉት ሰዎች የሁለቱን ነገር ዝምድና በራሳቸው ሊጠረጥሩ አይችሉም ነበር። «በቅርቡ መርፌ ተወግተዋል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሕይወት አተረፈ።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዟቸው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ጨርሰው ድነው ነበር። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። ክብደታቸው እየቀነሰ ሄደ። ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆም ማለት አመጡ። አንድ ቀን አክታቸው ላይ የደም ጭረት አዩ። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ነገር ነው ያለው፤ «ቲቢው ተመለሰባቸው።» ያዩዋቸው ሐኪሞችም እንደዚያው። አክታቸው ተመረመረ፣ ነጻ ነው። የቲቢን ዘረመል በሚፈልገው በጂን ኤክስፐርት ማሽን ተመረመረ፣ ነጻ ነው። ምልክቱ ግን ቁልጭ ያለ የቲቢ ነውና የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ሳምንታት አለፉ። ሳሉ ያው፣ ደሙ ያው፣ ክብደቱ ጭራሽ ወረደ።

ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃቸው የድሮውን ራጅ ነበር። አዲሱን ከጎኑ አደረገው። ቲቢው ሲድን የሳንባቸው የላይኛው ክፍል ላይ ትቶት የሄደ ባዶ ጉድጓድ ነበር። በአዲሱ ራጅ ጉድጓዱ ባዶ አልነበረም። ውስጡ ድብልብል ነገር ተቀምጧል፤ ከላዩ ቀጭን የአየር ጨረቃ ይታያል። ሲቲ ስካን ተነሡ። የደም ምርመራውም ለአስፐርጊለስ ከፍተኛ ምላሽ አሳየ። ሻጋታው በድሮው የቲቢ ጉድጓድ ውስጥ ቤት ሠርቶ ነበር።

ይህ ሕመም ከሌሎቹ የሚለየው ዝግ ማለቱ ነው። በሳምንት አይገድልም። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ከባድ ድካም፣ ደም የቀላቀለ አክታ ናቸው ምልክቶቹ። ሁሉም የቲቢ ናቸው። ልዩነቱ ያለው የአክታው ምርመራ ደጋግሞ ነጻ መሆኑና የቲቢ መድኃኒቱ ለውጥ አለማምጣቱ ላይ ነው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ዋናው የቲቢ መድኃኒት ኢትራኮናዞል የሚባለውን ፀረ ፈንገስ ጉበት ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ሁለቱን አብሮ መስጠት ፀረ ፈንገሱን ከንቱ ያደርገዋል። «ለማንኛውም የቲቢውንም ይቀጥሉ» የሚለው ጥንቃቄ ራሱ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ያንን ሐኪም ሳስብ የሚገርመኝ የተለየ መሣሪያ አለመያዙ ነው። የድሮ ራጅ ጠየቀ፣ በቃ። ስለዚህ እባካችሁ የድሮ ራጅ አትጣሉ።

ፊት ላይ የሚጀምረው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀን አይሰጥም። ሙኮርማይኮሲስ ይባላል፤ ዜና ላይ «ጥቁር ፈንገስ» ሲባል የሰማነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕንድ ውስጥ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ እስከ ሐምሌ ወር ብቻ ከ45,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ከፍተኛ ስኳር ያለበት ሰው ኮቪድ ሲይዘው ስቴሮይድ ተሰጠው። ስቴሮይዱ ስኳሩን ጨመረው፣ መከላከያውንም አዳከመው። ፈንገሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

ስሙ ያሳስታል ባይ ነኝ። ሰው ጥቁር ነገር እስኪያይ ይጠብቃል። ጥቁረቱ የሚመጣው ፈንገሱ የደም ሥሮችን ሰብሮ ገብቶ ሲዘጋቸውና ሥጋው ደም አጥቶ ሲሞት ነው። ላንቃ ላይ ወይም አፍንጫ ውስጥ ጥቁር ነገር ከታየ ብዙ ጊዜ አልፏል። ቀድሞ የሚመጣው ሌላ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ የሆነ የፊት ሕመም፣ የአንድ ጉንጭ ማበጥ፣ አንድ አፍንጫ ብቻ መታፈን፣ ደም የቀላቀለ ወይም የጠቆረ ንፍጥ። ሳይታሰብ የሚነቃነቅ የላይ ጥርስ። የአንድ ዓይን ቆብ መውደቅ፣ ድርብ ማየት። «በአንድ በኩል» የሚለውን አስምሩበት። ሕመሙ ጠፍቶ ቦታው ሲደነዝዝም ተሻለኝ ማለት አይደለም፤ ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ከታየ ነገ የሚባል ነገር የለም። የተለመደው ፀረ ፈንገስ፣ ፍሉኮናዞል፣ እዚህ ምንም አይሠራም፤ አምፎቴሪሲን ቢ የሚባለው ጠንካራ ፀረ ፈንገስ እና የሞተውን ሥጋ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። ስኳሩም በዚያው መውረድ አለበት።

ሆስፒታል ውስጥ የሚይዘው የካንዲዳ የደም ኢንፌክሽን ላይ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው። የተኛው ሰው ጠንካራ አንቲባዮቲክ እየተሰጠው ትኩሳቱ አልወርድ ካለ፣ በተለይ ደም ሥር ውስጥ የቆየ ቱቦ ካለው ወይም ሆዱ ተቀዶ ከነበረ፣ ሐኪሞቹ ይጠረጥሩታል። የደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን ተሕዋስ አብቅሎ የሚለየው ምርመራ፣ የሚይዘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ቤተሰብ ግን ጨዋነት በተሞላበት መንገድ «ይህ ቱቦ አሁንም ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያው ካንዲዳ አፍ ውስጥ ሲሆን ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር ነው፤ ሲፋቅ ይነሣል፣ ሥሩ ይቀላል። ሕፃን ላይ የተለመደ ነው። አዋቂ ሰው ላይ ያለ ምክንያት ከመጣ፣ ይባስ ብሎ ምግብ ሲዋጥ ደረት ውስጥ የሚያም ከሆነ፣ የአፍ መድኃኒት ወስዶ መተው አይበቃም። መከላከያው ለምን እንደወረደ መመርመር አለበት።

ኒሞሲስቲስ የሚባለው የሳንባ ፈንገስም እንደዚሁ መከላከያ ሲወርድ ነው የሚመጣው። ደረቅ ሳልና ለሳምንታት እየጨመረ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ነው። ሰውየው ተቀምጦ ሲያወራ ደህና ይመስላል። ትንሽ ሲራመድ ኦክስጅኑ ይወርዳል። ስለዚህ ጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ተቀምጦ ብቻ ሳይሆን ከተራመደ በኋላም መለካት ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 ኤድስ ገና ስም ሳይኖረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአምስት ወጣቶች ላይ የተመዘገበው ይኸው ሕመም ነበር።

ከቆዳ የሚጀምር ከባድ ነገርም አለ። ማይሴቶማ እሾህ በወጋው እግር ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያብጥ ነው። መጥፎነቱ አለማመሙ ነው። የማያም እብጠት ይዞ ማን ሐኪም ጋ ይሄዳል? በኋላ ቀዳዳዎች ይወጣሉ፣ ከቀዳዳዎቹ ከመግል ጋር ደቃቅ ፍሬ የመሰለ ነገር ይወጣል። ፍሬው ጥቁር ከሆነ ፈንገስ ነው ማለት ነው። ትንሽ እብጠት ሳለ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ አጥንት ከገባ በኋላ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ዓይንም አለ። ቅጠል ወይም ገለባ የጫረው ዓይን ከቀናት በኋላ ከቀላ፣ ካመመና ነጭ ነጥብ ካወጣ፣ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ሳይታዘዝ መጨመር ፈንገሱን መቀለብ ነው። የቆዳ ቅባቱም እንደዚያው። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩ ይቆማል፣ መቅላቱ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን በዝምታ ይሰፋል። ሲያቆሙት ብሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሐኪም እንኳ ቅርጹን አይቶ ሊለየው ይቸገራል።

አጎቴ ከታመሙ ወዲህ የሚያማክሩኝ ሰዎች በዝተዋል፤ የምላቸው ያው ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ራሴን ያመኛል» ብላችሁ አትቁሙ። መቼ እንደጀመረ፣ እየባሰ እንደሆነ፣ የትኛውን መድኃኒት ስንት ቀን ወስዳችሁ ለውጥ እንዳጣችሁ ተናገሩ። የምትውጡትን ሁሉ፣ ስቴሮይዱንም ጭምር፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ድሮ ቲቢ ይዟችሁ ከነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከዚያ ረጋ ብላችሁ «ፈንገስ ሊሆን ይችላል እንዴ?» በሉ። በጥያቄው የሚቀየም ሐኪም ካለ ይቀየም።

በተቃራኒው፣ ራሱን ባመመው ቁጥር አንጎሌ ጋ ፈንገስ ገባ የሚል ሰውም አልፈልግም። ፍሉኮናዞል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ «ለማንኛውም» መዋጥ ጉበት ይጎዳል፣ ፈንገሱንም መድኃኒት ያለማምደዋል። ካንዲዳ አውሪስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ ጆሮ ተገኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ዝርያ፣ ዛሬ ለፍሉኮናዞል አብዛኛውን ጊዜ አይበገርም።

ሕክምናው ረጅም ነው፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ሴል ይቀርባል። ስለዚህ እሱን ገድሎ እኛን የማይነካ መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው። አምፎቴሪሲን ኩላሊትን ይፈትናል፣ በሚሰጥበት ሰዓት ያንቀጠቅጣል። ደስ የሚለው ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር የሚመከረው በስብ የተሸፈነው የአምፎቴሪሲን ዓይነት አንድ ጊዜ በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ፣ ለሁለት ሳምንት ፍሉሳይቶሲን የሚባል ሌላ ፀረ ፈንገስና ፍሉኮናዞል እንዲከተል ነው። ፍሉኮናዞሉ ከዚያም በኋላ በዝቅተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ኤችአይቪ ያለበትና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ደግሞ የኤችአይቪውን ለመጀመር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንዲጠብቅ ይደረጋል። ቶሎ ከተጀመረ የነቃው መከላከያ ራሱ አንጎል ውስጥ እብጠት ያስነሣል። ቤተሰብ «ለምን ይዘገያል?» ብሎ እንዳይቆጣ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ጋሼ ኢትራኮናዞል ላይ ናቸው፤ ቢያንስ ስድስት ወር ነው፣ ሊረዝምም ይችላል። እንክብሉ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ያከሽፈዋል። ክብደታቸው መልሷል። ሳሉ አለ፣ ግን ቀሏል። የደም ጭረት አልፎ አልፎ ይታያል። ሐኪማቸው ጭረት ከሆነ ለቀጠሮ እንዲነግሩት፣ ንጹህ ደም አፍ ሙሉ ከመጣ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄዱ አዟቸዋል። የድንገተኛ ክፍሉን ቁጥር ስልካቸው ላይ የመጀመሪያው አድርጌ መዝግቤላቸዋለሁ።